የጎንደር መንግሥት እንዴት ፈረሰ? በእግራችሁ እየሄዳችሁ የምታጠኑበት መንገድ

ቁስቋም ግቢ ውስጥ መስታወት የተገጠመለት ሳጥን አለ። በውስጡ የሦስት ሰዎች አጽም አርፏል፤ የእናት፣ የልጅና የልጅ ልጅ። እቴጌ ምንትዋብ፣ ዳግማዊ አፄ ኢያሱ እና አፄ ኢዮአስ ናቸው። ጎንደር ላይ ታሪክ ባስተማርኩባቸው 24 ዓመታት ተማሪዎቼን በየዓመቱ እዚያ ሳጥን ፊት አቁሜያቸዋለሁ። ሁልጊዜም አንዱ ልጅ ይጠይቀኛል፦ «ቲቸር፣ ማን ነው ያፈረሰው?»

ለብዙ ዓመት ስም እሰጣቸው ነበር። የትግራዩ ገዢ ራስ ሚካኤል ስሑል፣ ኢዮአስን ያስገደሉበት 1769። ፈተና ላይም እንደዚያው አወጣለሁ። አንድ መልስ፣ አንድ ነጥብ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ይህ ነገር እየቆረቆረኝ መጣ። ልጆቹን አንድ ቀንና አንድ ሰው ሸምድደው እንዲሄዱ አድርጌያቸዋለሁ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ? የጎንደር መንግሥትም የሄደው እንደዚያ ነው። 1769 የደረሰው ውሃው አንገት ላይ ከወጣ በኋላ ነው።

ስለዚህ ለጥምቀት ልጆቻችሁን ይዛችሁ ለምትመጡ፣ ለጀማሪ አስተማሪዎች፣ «ትልቅ መንግሥት ለምን ይበተናል?» የሚለው ለሚያሳስባችሁ ሁሉ የአንድ ቀን መንገድ ልንገራችሁ። የሚያስፈልጋችሁ ደብተር፣ እርሳስና ምቹ ጫማ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት። በእኛ ስትፈልጉ ሰባት ወይም ስምንት ቀንሱ።

ከመውጣታችሁ በፊት፣ ቁርስ ላይ

ደብተራችሁ ላይ የነገሥታቱን ስም ከላይ ወደ ታች ጻፉ። አጠገቡ ስንት ዓመት እንደነገሡ አስቀምጡ። ፋሲል 35፣ ጻድቁ ዮሐንስ 15፣ ታላቁ ኢያሱ 24። እስከዚህ ቁጥሩ ደልደል ያለ ነው። ከዚያ ተክለ ሃይማኖት 2፣ ቴዎፍሎስ 3፣ ዮስጦስ 5፣ ዳዊት 5።

እዚህ ላይ እርሳሳችሁን አቁሙ። ታላቁ ኢያሱ በ1706 ተገደሉ፤ ልጃቸው ተክለ ሃይማኖት አባቱ በሕይወት እያሉ ነግሦ ነበር። እሱም ሁለት ዓመት ሳይሞላ ተገደለ። በ15 ዓመት ውስጥ አራት ንጉሥ ተፈራረቀ። ይህ ሁሉ የሆነው ራስ ሚካኤል ጎንደር ከመግባታቸው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ነው። ንጉሥ መግደል እንደሚቻል ቤተ መንግሥቱ ያን ጊዜ ተምሯል። አንድ ጊዜ የተማሩትን ደግሞ መርሳት ከባድ ነው።

ቀጥሉ። በካፋ 9፣ ዳግማዊ ኢያሱ 25፣ ኢዮአስ 14። የዳግማዊ ኢያሱ 25 ዓመት እንዳያታልላችሁ። የነገሡት በልጅነታቸው ነው፤ አገሩን የያዙት እናታቸው ነበሩ። ምንትዋብ ዘውድ ጭነው፣ ሹመት ሰጥተው፣ ከሁሉም ወገን ተጋብተው አቆዩት። ስለዚህ ረጅም ዘመን ሁሉ የጤና ምልክት አይደለም። አንዳንዴ አንድ ብርቱ ሰው ብቻውን ተሸክሞት ነው።

ጠዋት፣ ፋሲል ግንብ

ግቢው 900 ሜትር በሚሆን አጥር የታጠረ ነው፤ 12 በር አለው። ስትገቡ ወደ ፋሲል ግንብ ሩጡ ስል ትጠብቁ ይሆናል። ቆዩ። መጀመሪያ ሣሩ ላይ ቁጭ በሉና «ከተማ» የሚለውን ቃል አስቡት። «ንጉሡ ከተመ» ሲባል ሰፈረ፣ ድንኳኑን ተከለ ማለት ነው። ከጎንደር በፊት የነበሩት ነገሥታት ብዙውን ጊዜ በድንኳን ነበር የሚኖሩት። ዛሬ እዚህ፣ ከወራት በኋላ ሌላ አገር። ሠራዊቱ፣ ዳኛው፣ ካህኑ፣ ወጥ ቤቱ፣ እንጨት ለቃሚው ሁሉ አብሮ ይነሣል።

ይህን ለምን እላለሁ? አገረ ገዢው ንጉሡን መርሳት አይችልም ነበርና። ንጉሡ ያን ሁሉ አፍ ይዘው ደጁ ድረስ ይመጣሉ። ግብሩን እዚያው ይበሉታል። የተበደለ ደጃቸው ላይ ይጮሃል። ፋሲል በ1636 ገደማ ጎንደር ላይ ሲከትሙ ነገሩ ተገለበጠ። አሁን ግብሩ ራሱ ተጭኖ መምጣት አለበት። ቀርቶ እንደሆነ ንጉሡ ዘምተው ማምጣት አለባቸው። ታላቁ ኢያሱ ይህን የተረዱ ይመስለኛል፤ ዘመናቸውን በዘመቻ ነው የጨረሱት። የልጅ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ግን በ1744 ወደ ሱዳኑ ሰናር ዘምተው ክፉኛ ተሸነፉ። ከዚያ በኋላ የጎንደር ጦር የሚፈራበት ነገር ተሸረሸረ።

ድንጋዩ ያምራል። እኔም ስንቴ አይቼው አልጠግበውም። ግን ደብተራችሁ ላይ «ንጉሡ ቆመ፣ አገሩ ራቀ» ብላችሁ ጻፉ።

አሁን ተነሡና በቅደም ተከተል ዙሩ። የፋሲል ግንብ፣ የዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት፣ የኢያሱ ግንብ፣ የዳዊት አዳራሽ፣ የበካፋ፣ የምንትዋብ። በእያንዳንዱ በር ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ይህን ለመሥራት ምን ያህል ሰው፣ ከምን ያህል ርቀት ማዘዝ ያስፈልጋል? የምንትዋብን ግንብ ስትጨርሱ ዘወር ብላችሁ የኢዮአስን ግንብ ፈልጉ። አታገኙትም። የዘመነ መሳፍንቱን ነገሥታት ግንብ ፈልጉ። እንደነዚህ ያለ እሱም የለም። ንጉሥ ግን ነበረ፤ ዙፋኑ ላይ የሚቀመጥ ሰው አልታጣም። ማዘዝ ነው የቀረው። ባዶ ቦታን እንደ ማስረጃ ማንበብ ልመዱ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የምታዩት ፍርስራሽ ሁሉ የዚያ ዘመን አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ በ1866 ከተማዋን አቃጥለዋል፤ ደርቡሾች በ1888 አቃጥለዋል፤ በጣልያን ጊዜም የእንግሊዝ ቦምብ ወድቋል። የፈረሰ ጣሪያ እያያችሁ «መሳፍንቱ አፈረሱት» አትበሉ።

እህሉን ተከተሉ

ይህ የኔ ዋናው ክፍል ስለሆነ ታገሡኝ። ከግቢው ስትወጡ ከፍ ካለ ቦታ ሆናችሁ ወደ ደቡብ ተመልከቱ። ወደ ጣና የሚዘረጋው ሜዳ ደምቢያ ነው። የቤተ መንግሥቱ ጎተራ እሱ ነበር። የኔም ወገኖች ከዚያ ናቸው።

ሁለት ቃላት ለዩ። ርስት የትውልድ መሬት ነው፤ ከአያት ቅድመ አያት ቆጥራችሁ የምትደርሱበት፣ ማንም የማይነቅላችሁ። ጉልት ግን መሬቱ አይደለም። ከመሬቱ ላይ ግብር የመብላትና የመዳኘት መብት ነው። ንጉሡ ለሹም ወይም ለደብር ጉልት ሲሰጡ፣ «የዚህን አገር ግብር አንተ ብላ፣ በምትኩ ዝመትልኝ፣ ወይም ጸልይልኝ» ማለታቸው ነው። ደመወዝ የሚከፈልበት ገንዘብ ስላልነበረ ሌላ መንገድ አልነበራቸውም።

መጀመሪያ ጉልቱ ከሹመቱ ጋር ይሄዳል። ሹሙ ሲሻር ጉልቱም ይመለሳል። ቀስ በቀስ ግን ልጅ የአባቱን ይወርስ ጀመር። ርስተ ጉልት የሚባለው ይህ ነው። አንዴ ከተወረሰ ንጉሡ የሚሰጡት ነገር ያልቅባቸዋል። የሚሰጠው የሌለው ጌታ ደግሞ የሚያዝዘውም የለውም። አዲስ ታማኝ ለማግኘት ከቀረው ላይ ይቆርሳሉ፤ የቀረውም ያንሳል። ምንትዋብ ቁስቋምን ሲያሠሩ ብዙ መሬት ሰጥተዋታል። ደብሯ ገነነች፤ የዙፋኑ ጎተራ ግን በዚያው ልክ ጎደለ።

ይህን በዓይናችሁ ማየት ይቻላል። በጎንደር አድባራት ባሉ የብራና መጻሕፍት ኅዳግ ላይ የመሬት ስጦታና ሽያጭ ተጽፏል። ዋጋው በወቄት ወርቅ፣ ምስክሩ፣ ዋሱ፣ ዳኛው ሁሉ ሰፍሯል። ለማየት የደብሩን አለቃ አስፈቅዱ። ብራናውን በእጃችሁ አትንኩ፤ ካህኑ ይግለጥላችሁ። አንድ ጊዜ አንድ አባት እንዲህ ያለ ኅዳግ አንብበውልኛል። ከላይ የንጉሡ ስም ነበር፤ ቀጥሎ የአንድ ራስ ስም። ጽሕፈቱ ደቃቅ ነው፤ የስሞቹ ቀለም ቀይ። ንጉሡ ይጠራሉ፣ ዳኝነቱን የሚሰጠው ግን ያ ራስ ነው። ሁለቱ ስሞች በአንድ መስመር ላይ ተቀምጠው ሳያቸው በመጽሐፍ ካነበብኩት ሁሉ የበለጠ ገባኝ።

ጨውና ጠመንጃ

ምሳ በልታችሁ ወደ አዲስ ዓለም ሰፈር ውረዱ። የሙስሊም ነጋዴዎች አሮጌ ሰፈር ነው። እዚያ ሻይ እየጠጣችሁ ደብተራችሁ ላይ አንድ መስመር አስምሩ፦ ምጽዋ፣ አድዋ፣ ጎንደር። ባሕሩ በር ላይ የሚገባው ጠመንጃ በትግራይ ያልፋል። ከአፋር የሚመጣው አሞሌ ጨውም እንዲሁ። አሞሌ ያን ጊዜ ገንዘብ ነው፤ ከመነሻው በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል።

አሁን በመስመሩ ላይ ኬላ ትከሉ። ኬላው ቀረጥ ይሰበስባል። በቀረጡ ጠመንጃ ይገዛል። ታዲያ ማን ይጠነክራል? መጨረሻው ላይ ያለው ንጉሥ ወይስ መንገዱ ላይ ያለው ገዢ? ራስ ሚካኤል ስሑል የትግራይ ገዢ ነበሩ። ከማንም በላይ ነፍጥ ያከማቹት ለዚህ ነው። የጎንደር ባለ ዘውድ ደግሞ በራሱ ገዢ ፈቃድ የሚታጠቅ ሆነ።

ዘመነ መሳፍንት ሲገባ ኬላው በዛ። አንድ ነጋዴ ከጎጃሙ የባሶ ገበያ ተነሥቶ ጎንደር እስኪደርስ ለስንት ጌታ እንደሚከፍል አስቡት። ንግዱ ግን አልቆመም። ይህንን ልብ በሉ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ቁስቋም

ከፒያሳ ባጃጅ ያዙ። መጨረሻዋን ዳገት ግን በእግር ውጡ። ሳጥኑ ፊት ስትቆሙ የጋብቻውን ሐረግ ሳሉ። ምንትዋብ የበካፋ ሚስት፣ ወገናቸው ቋራ። ልጃቸው ኢያሱ የወሎዋን ውቢትን አገቡ። ከእሷ ኢዮአስ ተወለዱ። ስለዚህ ኢዮአስ ሲነግሡ ሁለት የእናት ወገን ቤተ መንግሥቱን ይሻማ ጀመር፤ የአያት ቋረኞችና የእናት ወሎዎች። ሁለቱን የሚያስታርቅ ሲጠፋ ኢዮአስ ሚካኤልን ከትግራይ ጠሩ። ሚካኤል ደግሞ የምንትዋብን ልጅ ወይዘሮ አስቴርን አገቡ።

እዚህ ላይ እለምናችኋለሁ። ይህን ታሪክ «የእነሱ ወገን አፈረሰው» እያላችሁ አታንብቡት። ዛሬ ብዙ ሰው እንደዚያ ያነበዋል፤ ያመኛል። ሐረጉን በትክክል ከሳላችሁት ሁሉም ከሁሉም ተጋብቷል። የጎንደር ዙፋን ቋራም፣ ወሎም፣ ትግሬም፣ የጁም በደም ገብቶበታል። የተጣሉት ዘመዳሞች ናቸው። ችግሩ ማን እንደመጣ አይደለም፤ ሁሉም ከአንድ የጎደለ ጎተራ መብላቱ ነው።

በ1769 ኢዮአስ ተገደሉ። በጨርቅ ታንቀው ነው ይባላል። ሚካኤል ራሳቸው አልነገሡም። ከወህኒ አምባ፣ ነገሥታት ዘሮቻቸውን ከሚያስሩበት ተራራ፣ አንድ ሽማግሌ አወረዱ፤ ዮሐንስ የሚባሉ፣ አንድ እጃቸው የተቆረጠ። ዘመቻ እምቢ አሉ። በወራት ውስጥ በመርዝ ሞቱ። ልጃቸው ዳግማዊ ተክለ ሃይማኖት ተተኩ። በ1771 ሰርባኩሳ ላይ የጎጃም፣ የአምሐራ (ያን ጊዜ የዛሬው ደቡብ ወሎ አካባቢ ስም ነው) እና የበጌምድር መኳንንት አብረው ሚካኤልን አሸነፉ። ንጉሡን ግን አልነኩም። ዙፋኑ ላይ እንደተቀመጡ ተዋቸው። ምን ያደርጉልናል ብለው ይግደሏቸው?

ከዚያ እስከ 1855 ድረስ ቁጥሩን ራሳችሁ ሙሉ። አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ብቻቸውን ስድስት ጊዜ ነግሠው ስድስት ጊዜ ወርደዋል። ሕዝቡ «ፍጻሜ መንግሥት» ብሎ ሰየማቸው። የየጁ ራሶች ደብረ ታቦር ላይ ተቀምጠው ያነግሣሉ፣ ያወርዳሉ። ትግራይ የራሷ፣ ሰሜን የራሱ፣ ጎጃም የራሱ ጌታ አለው። ሸዋ ደግሞ ሣህለ ሥላሴ ራሳቸውን ንጉሥ ብለው በ1841 ከእንግሊዝ ጋር ውል ተፈራረሙ። ጎንደርን ማንም አላስፈቀደም።

ይህ የኛ ብቻ ጉዳይ አይመስላችሁ። ሕንድ አገር፣ የዴልሂው ሙጋል ንጉሥ አውራንግዜብ የሞተው በ1707 ነው፤ ታላቁ ኢያሱ በተገደሉ በዓመቱ። እዚያም አገረ ገዢዎቹ ግብሩን ለራሳቸው አስቀሩ፤ ሃይደራባድና ቤንጋል ለየራሳቸው ሆኑ። ሳንቲሙ ላይ ግን ለብዙ ዘመን የዴልሂው ንጉሥ ስም ነበር። ያ ቀይ ቀለም ትዝ አላችሁ?

የቀረውን ቁጠሩ

አብዛኛው ሰው ጥናቱን እዚህ ላይ ያቆማል። «ፈረሰ» ብሎ ደብተሩን ይዘጋል። እናንተ ሌላ ገጽ ግለጡ። ርእሱ «ሳይፈርስ የቀረ» ይሁን።

ርስት አልፈረሰም። ገበሬው መሬቱን በዘር ቆጥሮ ይይዛል፤ ንጉሥ መኖሩ ባይታወቅም ዘሩ ይታወቃል። ገበያው በቀኑ ይቆማል። የቆሎ ተማሪው ከደብር ደብር እየዞረ ቅኔና ዜማ ይማራል። ደም ሲፈስ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ጉማ ይከፈላል። ቤተ ክርስቲያኒቱ ስለ ቅባትና ጸጋ፣ ማለትም ስለ ክርስቶስ ባሕርይ፣ ስትከራከር እንኳ አንድ ቋንቋ፣ አንድ ጾም ነበራት። መንግሥቱ እንዲበተን የቻለውም አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። ሰዉ ለዕለት ኑሮው መሀል አገርን አይፈልግም ነበር።

ግን አላስውበውም። ገበሬው ትልቅ መከራ አይቷል። ወታደር በየቤቱ ይመራ ነበር፤ በሬውን አርዶ፣ ዘሩን ፈጭቶ ይበላል። ዛሬ የአንዱ ራስ ጦር፣ በዓመቱ የሌላው። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይላሉ፤ በዚያ ዘመን ግን ወታደርም የሚከሰስበት አልነበረም። ስለዚህ «መበተን ነፃነት ነው» ለሚላችሁም፣ «መበተን ጥፋት ብቻ ነው» ለሚላችሁም ሁለቱንም ገጽ አሳዩት።

ሌላ ቀን ካላችሁ በወረታ በኩል ደብረ ታቦር ሂዱ። ከከተማው ወጣ ብሎ ጋፋት አለ፤ ቴዎድሮስ መድፍ ያሠሩበት። እዚያ ቆማችሁ ያንኑ ጥያቄ ጠይቁ። ቴዎድሮስ፣ ገና ካሣ ሲባሉ፣ የጎጃሙን ጎሹን፣ የየጁውን አሊን፣ የሰሜኑን ውቤን ተራ በተራ አሸንፈው በ1855 ነገሡ። ከዚያስ? ወታደሩን ምን ያበሉታል? በ1860 የቤተ ክርስቲያንን መሬት ወደ መንግሥት አዞሩ፤ ካህናቱ ከዚያ ወዲያ አልተመለሱላቸውም። ጎተራው ሳይሞላ መድፉ ብቻውን አልበቃም። በ1868 መቅደላ ላይ ሲሞቱ አብዛኛው አገር ከእጃቸው ከወጣ ቆይቷል።

ማታ፣ ቤት ስትገቡ

ስልካችሁን አንሡና የቤተሰቡን ትልቅ ሰው ደውሉለት። አዲስ አበባም ይሁን ዋሽንግተን፣ ሰዓቱን ጠብቁና ደውሉ። እንዲህ ጠይቁ፦ አገራችን የማን ጉልት ነበር? ግብሩን ማን ይበላ ነበር? በስንት ቁና? ጭቃ ሹሙ ማን ነበር? ሰው ሲጣላ ማን ጋ ይሄዳል? «ንጉሡ ማን ነበር?» የሚለውን መጨረሻ ላይ አድርጉት።

ስም ሲነግሯችሁ ተጠንቀቁ። አያቴ የቅድመ አያቷን ነገር ስታወራኝ «በራስ ጉግሳ ጊዜ ነው» አለች። እኔ ቸኩዬ በ1930 አንቺም ላይ የሞቱት ጉግሳ ወሌ መሰሉኝ። እሷ ግን የምትለው የየጁውን ጉግሳ፣ ከመቶ ዓመት በፊት የነበሩትን ነው። ትውልዱን በጣት ስትቆጥርልኝ ነው የገባኝ። አሊም ሁለት አለ፤ ኢያሱም ከአንድ በላይ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ «ከእርስዎ በስንተኛው አባት?» ብላችሁ አስቆጥሩ።

በዚያን ጊዜ የነገሠው ማን እንደነበረ ጠየቅኳት። ጥቂት አሰበችና «እንጃ ልጄ፣ ንጉሥማ ነበረ» አለችኝ። ሰባት አባት ግን ሳትደናቀፍ ቆጠረችልኝ።

የሚነግሯችሁን ድምፅ ቅዱ። እኔ ያን ጊዜ መቅጃ አልነበረኝም፤ በእርሳስ ነው የጻፍኩት፤ ከሰባቱ ሁለቱ ስም ደብዝዞ አይነበብም። እስካሁን እየፈለግኳቸው ነው።